አንዱን ውሃ ሁለት ጊዜ፦ ስለ ዳክዬና ስለ ጓሮ አትክልት

(ባሕር ዳር ሽምብጥ ውስጥ ጓሯቸውን የሚያለሙ ጎረቤቶቼ ተሰብስበው መጋቢት 27 ቀን የተናገርኩት ነው። ከተቀዳው ድምፅ ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ብዙም አልነካካሁትም።)

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንዴት ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተ ከበሩ ላይ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ፣ ግቡና ተቀመጡ።

እንኳን ለዘመነ ጸደይ በሰላም አደረሳችሁ! ሰላምታዬ ያስገረማችሁ አላችሁ። ጸደይ መስከረም አይደለም ወይ? ብዙዎቻችን እንዲያ እየተባልን ነው ያደግነው። የአባቶቻችን አቆጣጠር ግን ሌላ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከዚያ ክረምት ይገባል። ስለዚህ ጸደይ የገባው ትናንት ነው። ለምን አነሣሁት? አሁን ያለንበት ጊዜ ለእኛ የጭንቅ ጊዜ ስለሆነ ነው። ፀሐዩ በርትቷል፤ ጣና ወደ ውስጥ እየሸሸ ነው፤ ዝናቡ ገና ነው። ጾሙ ደግሞ ጎመን ይፈልጋል፤ ቆስጣ ይፈልጋል። ጓሯችን በጣም የሚያስፈልገን ውሃ በጣም በሚያጥርበት ወቅት ነው። የዛሬው ወሬዬ በሙሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

ሦስት ነገር ልናገር ነው የመጣሁት። አንደኛ ስለ ዳክዬና ስለ ውሃ። ሁለተኛ ስለ ምግቧ። ሦስተኛ ስለ ዳክዬና ስለ መደባችን። በመካከል ወጣ ብል ታገሡኝ፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ወሬው ቅርንጫፍ ይበዛዋል።

አስቀድሜ ግን ሁላችሁም የምትጠይቁኝን ልመልስ። «ዳክዬ አትበላ፣ ምን ትሠራልሻለች?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ በእኔ ቤት ዳክዬ አይበላም፤ እናቴም አልበላችም፤ እኔም ልጆቼን አላበላሁም። የሚበላውን ሰው አልነቅፍም፤ እያንዳንዱ እምነቱን ይጠይቅ። እኔ ዳክዬ የማረባው ስለምወዳት ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ተሰልፈው ወጥተው ወደ ሳፋው ሲሮጡ ማየት ያስደስተኛል። ይህ ምክንያት አይበቃም? ለእኔ ይበቃል። ከዚያ በላይ ግን ዳክዬ ለጓሮዬ የምትሠራልኝ ሥራ አለ፤ ወደ እሱ እደርሳለሁ።

እሺ፤ አንደኛው፣ ውሃ።

ዶሮ እህሏን ለቅማ ለቅማ በኋላ ሄዳ ትጠጣለች። ዳክዬ እንዲህ አይደለችም። ምግቧን የምትውጠው ከውሃ ጋር ነው፤ ትጎርሳለች፣ ትጠጣለች፣ ትጎርሳለች፣ ትጠጣለች። ደረቅ ፉርሽካ ሰጥታችሁ ውሃውን ብትረሱ ልትታነቅባችሁ ትችላለች። ሌላም አለ። ዓይኗንና አፍንጫዋን የምታጸዳው ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ነው። ለዶሮ የሚሆነው ጠፍጣፋ መጠጫ ለእሷ አይበቃም፤ ዓይኗ በእዥ ተሸፍኖ ታገኟታላችሁ። ሐይቅ አያስፈልጋትም፤ ጭንቅላቷ ሙሉ በሙሉ የሚጠልቅበት ሳፋ ግን የግድ ነው። ዳክዬ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ዳክዬዋ አታስቡ፤ ውሃውን አስቡ። ደግሜ እላለሁ፤ ውሃውን አስቡ!

ይህን የተማርኩት በሐዘን ነው። በ2009 ዓ.ም. የልጄ ልጅ ስድስት የዳክዬ ጫጩት በካርቶን ይዞልኝ መጣ። ዶሮ ታቅፋ የፈለፈለቻቸው ነበሩ። «ዳክዬ አይደሉም? ውሃ ይወዳሉ» አልንና ትልቁን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሞልተን ጨመርናቸው። እንዴት ይዋኛሉ መሰላችሁ! ልጁ እያጨበጨበ፣ እኔም አብሬ እየሳቅሁ ምሳ ልሠራ ገባሁ። ስመለስ ሦስቱ ተንሳፍፈው ቀርተዋል። የቀሩት ሦስቱ እየተንቀጠቀጡ ነበር፤ በነጠላዬ ጠቅልዬ ከከሰል ምድጃው ዳር አስቀምጬ አተረፍኳቸው።

ምን ሆነው ነው? ዳክዬ ከጅራቷ ሥር የዘይት እጢ አላት፤ በመንቁሯ እያወጣች ላባዋን ትቀባዋለች፤ ውሃ የማይዘልቃት ለዚህ ነው። ጫጩት ግን የራሷ ዘይት እስኪበረክት ከእናቷ ላባ ነው የምታገኘው። ዶሮ እናት ይህን ዘይት ልትሰጣት አትችልም። ላባቸው ውሃ ጠጣ፣ በረዳቸው፤ የሳፋው ግድግዳ ደግሞ ያንሸራትታል፣ መውጫ አልነበራቸውም። እንግዲህ ዶሮ ለፈለፈለቻቸው ጫጩቶች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ውሃው በጎድጓዳ ሳሕን ይሁን፤ ጭንቅላታቸውን ይንከሩ እንጂ ገላቸው አይግባ። ሲያድጉም በሳፋው ውስጥ ድንጋይ እንደ ደረጃ ደርድሩላቸው። ሦስት ጫጩት የከፈልኩበት ትምህርት ነው፤ እናንተ በነፃ ውሰዱት።

ስለ ማቀፍ ከተነሣ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ይፈልጋል። የተለመደችው ዳክዬ 28 ቀን ትፈልጋለች፤ ፊቷ ላይ ቀይ ሥጋ ያላት ትልቋ ዓይነት ደግሞ ወደ 35 ቀን ትሄዳለች። አንዲት ጎረቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሰባት የዳክዬ እንቁላል ለዶሮዋ አሳቀፈች። 21 ሞላ፣ ምንም የለም። 22፣ 23፣ ምንም የለም። «ገምተዋል» ብላ አውጥታ ቆሻሻ መጣያው ላይ ጣለቻቸው። አንዱ ሲሰበር ውስጡ ያለው ጫጩት ይንቀሳቀስ ነበር። ያች ሴት ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። እባካችሁ ቀን ቁጠሩ፤ ግድግዳ ላይ ጻፉት። ሃያ ስምንት!

ወደ ውሃው ልመለስ። ስድስት ዳክዬ አለኝ፤ በቀን አንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይጨርሳሉ። ጠጥተው አይደለም፤ አንዲት ዳክዬ በቀን የምትጠጣው ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ነው። የቀረውን ይታጠቡበታል፣ ይረጩታል፣ ያደፈርሱታል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሃያ ሊትር ቀላል አይደለም። ባለቤቴ በመጀመሪያው ዓመት «ይህን ሁሉ ውሃ ለወፍ?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። መልሱ የተገኘው ከፓፓያው ነው። የሳፋውን ድፍርስ የምደፋበት ጥግ ላይ የቆመች አንዲት ፓፓያ ነበረች፤ በሁለት ዓመት ከጎረቤቶቿ ሁሉ በልጣ ወጣች። የዳክዬ ኩስ ውሃ የበዛበት ነው፤ ከሳፋው ውሃ ጋር ሲደባለቅ የተዘጋጀ ፈሳሽ ማዳበሪያ ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔ ግቢ አንድ ጀሪካን ውሃ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ጠዋት ለዳክዬ፣ በማግሥቱ ለተክል። ባለቤቴም ከዚያ ወዲህ ጀሪካኑን ራሱ ይሸከማል።

ጠንቀቅ በሉ ግን፤ ይህ ውሃ ለሁሉም ተክል አይሆንም! ለፓፓያ፣ ለማንጎ፣ ለጌሾ፣ ለቡና ሥር አፍስሱት። ጥሬውን ለምንበላው ለሰላጣና ለካሮት በፍጹም አታፍስሱ። ኩስ ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያውክ ተህዋስ ሊኖር ይችላል። በአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ፣ ያልበሰበሰ ፍግ ከገባበት መሬት ላይ አፈር የሚነካ ምርት ለመሰብሰብ 120 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው። አራት ወር ማለት ነው። ከቤታቸው የሚወጣውን ጭድም እንዲሁ መጀመሪያ ከምሩት፣ ይብላላ፣ ኮምፖስት ይሁን፤ ከዚያ ለሰላጣው።

ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ የምለው ለሽታው ብቻ አይደለም። እዚህ አገር ወባ አለ። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ቢያንስ ሳምንት ያህል ትፈልጋለች። በየቀኑ የሚደፋ ሳፋ ትንኝ አያሳድግም፤ ሳምንት የተኛ ሳፋ ግን ያሳድጋል።

ሁለተኛው፣ ምግብ። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ፉርሽካ፣ የበቆሎ ክክ፣ ትንሽ የኑግ ፋጉሎ፣ የጎመን ቅጠል፣ የተረፈ እንጀራ ጥቂት፤ የቀረውን ራሷ ትፈልገዋለች። ሁለት ነገር ብቻ ያዙልኝ።

አንደኛ፣ የዳክዬ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት ይበልጥ ናያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ትፈልጋለች። ካላገኘች እግሯ ይጎብጣል፣ መቆም ያቅታታል። እኛ ደግሞ የዓሣ አገር ሰዎች ነን! ከቆሮሶው የተረፈውን ሥጋ ቀቅሉ፣ አጥንቱን አውጡ፣ ደቁሱና ከምግባቸው ጋር ለውሱ። የተቀቀለ አተርም ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ሻጋታ። ሻጋታ! ሻጋታ! በአንድ ክረምት ጣራዬ አፍስሶ በቆሎዬ ረጠበ። አሰጣሁት፣ ደረቀ፣ አረንጓዴ ነገር ጣል ጣል አድርጎበት ነበር። «ለሰው አይሆንም፣ ለወፎቹ ይሁን» አልኩ። ዶሮዎቹ በሉት፣ ምንም አልሆኑም። ከዳክዬ ጫጩቶቹ ግን በአሥር ቀን ውስጥ አራቱ ሞቱ። ሳይንስ አስተማሪ ሆኜ እንዴት እንዳልታየኝ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በ1960 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ የቤት ወፎች በጥቂት ወራት አለቁ፤ የዳክዬ ጫጩቶችም አብረው ሞቱ። ሲጣራ በምግባቸው ውስጥ የነበረው የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነው። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ዳክዬ ደግሞ ለዚህ መርዝ ከሁሉ ይልቅ ስስ ከሆኑት እንስሳት አንዷ ናት። ለሰው ያልሆነ እህል ለዳክዬም አይሆንም። መርዙ ቢቀቀልም አይለቅም፤ ቅበሩት።

ሦስተኛው፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። መደባችን።

ጎመን ተክላችሁ፣ ማታ ቆሞ አይታችሁት፣ ጠዋት ከአንገቱ ተቆርጦ ተጋድሞ ያገኛችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? እጃችሁን አንሡ። አያችሁ! ሁላችንም ነን። ይህ ቆራጭ ትል ነው። ቀን አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል፣ ሌሊት ይወጣል። ለዓመታት ባትሪ ይዤ ማታ ማታ በእጄ እለቅም ነበር፤ ወገቤ አለቀ። በ2011 ዓ.ም. ግን እንዲህ አደረግሁ። መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ልክ እንደ ዛሬው፣ መደቡን በዶማ ገለበጥኩ፤ አጠጣሁት። ምንም ሳልተክል ዳክዬዎቹን ለሁለት ሳምንት ለቀቅሁበት። እንዴት እንደሚሠሩ ቁጭ ብላችሁ ብታዩ! እንደ ዶሮ መሬት አይጭሩም፤ መንቁራቸውን ወደ ርጥብ አፈር ሰክተው እየዳበሱ ያወጣሉ፤ ትሉን፣ የፌንጣውን ልጅ፣ ቀንድ አውጣውን። ከሁለት ሳምንት በኋላ አስወጥቼ አጠርኩና ችግኙን አዛወርኩ። ከስልሳ ችግኝ የተቆረጠብኝ አራት ብቻ ነው። በፊት ግማሹን የምቀብር ሰው ነበርኩ።

ስሙኝ፤ ተራው ከተሳሳተ ነገሩ ይገለበጣል። መጀመሪያ ዳክዬ፣ ቀጥሎ አጥር፣ ቀጥሎ ችግኝ። ችግኙ ካለ ዳክዬ አይግባ! ለስላሳ ሰላጣ ከትሉ አብልጣ ነው የምትወደው፤ ያልበላችውን ደግሞ በእነዚያ ሰፋፊ እግሮቿ ትረግጠዋለች። ጎመኑ ጉልበት ድረስ ሲያድግ በማታ ለአንድ ሰዓት፣ እናንተ አጠገብ ቆማችሁ፣ ልታስገቧት ትችላላችሁ። ምርት ሲነሣ እንደገና በሩን ክፈቱላት። አጥሩ ውድ አይደለም፤ ዳክዬ ከባድ ናት፣ እንደ ዶሮ አትዘልም፤ ጉልበት የሚደርስ የቀርከሃ ወይም የደንገል አጥር ይመልሳታል። ፊቷ ቀይ የሆነችው ግን ትበራለች፤ ለእሷ ክንፏን መከርከም ያስፈልጋል።

ለስድስት ዳክዬ አንድ አውራ ይበቃል። ሁለት አውራ ካለ ሴቶቹን ያሰቃያሉ፣ የአንገታቸውን ላባ ይነቅላሉ። አውራውን እንዴት ትለያላችሁ? በድምፁ። ጮክ ብላ የምትጮኸው ሴቷ ናት፤ የወንዱ ድምፅ ሻካራና ዝቅ ያለ ነው። ሲያድግ ከጅራቱ በላይ የተጠቀለለ ላባ ያወጣል።

ማታ ደግሞ በር ዝጉ። ሽለምጥማጥ አለ፣ ውሻ አለ፣ በሐይቁ ዳር ላላችሁት አርጃኖ አለ፤ አርጃኖ እንቁላል ይወዳል። ዳክዬ ሲተኙ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዳር የተኛችው ወደ ውጭ ያለውን ዓይኗን ከፍታ ነው የምትተኛው። ግማሹ አንጎሏ ሲተኛ ግማሹ ይጠብቃል፤ ይህ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው። እኔ በመስኮት ሳያት ሁልጊዜ ይነካኛል፤ ለጓደኞቿ ዘብ የቆመች ይመስለኛል። ዘቧ ግን በር መክፈቻ የሚያውቅ ሽለምጥማጥን አያስቆምም፤ መቀርቀሪያ ይኑራችሁ።

አሁን አንድ ልጅ እጁን አንሥቷል። እሺ ልጄ? «እትዬ፣ ዳክዬ ቀንድ አውጣ የምትበላ ከሆነ ቢልሃርዚያን አታጠፋልንም ወይ?» በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። የቢልሃርዚያ ትል በውሃ ውስጥ ባለ ትንሽ ቀንድ አውጣ ሆድ ነው የሚያድገው፤ እውነት ነው። ዳክዬም ትበላዋለች። ነገር ግን ስድስት ዳክዬ ጣናን አያጸዳም፤ ይህን ተስፋ ልሰጥህ አልችልም። አንተ ውሃ ስትቀዳ ቦት ጫማ አድርግ፤ በደንገሉ ውስጥ በባዶ እግርህ አትቁም። ሆድህን ካመመህ ተመርመር፤ መድኃኒት አለው።

ይህ ልጅ ወደ ሐይቁ ከወሰደኝ ዘንድ ያላሰብኩትን አራተኛ ነገር ልጨምር። «እዚህ ጣና ሞልቶ ለምን በሳፋ ትሠቃያለሽ? ልቀቂያቸው፣ ራሳቸው ይኑሩ» የሚሉኝ አሉ። አይሆንም፤ ይህን እባካችሁ አታድርጉ።

ጣና ባዶ ውሃ አይደለም፤ ባለቤቶች አሉት። በጥቅምትና በኅዳር ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ የዱር ዳክዬዎች እዚህ ይመጣሉ፤ ጅራተ ሹሉ፣ መንቁረ ሰፊው። በዚህ ሰሞን ደግሞ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። አንድ ጠዋት ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጋር ዳር ቆሜ ነበር፤ ታንኳቸውን ለፀሐይ አቁመው ያደርቃሉ። «አያ፣ ወፎቹ ወዴት ሄዱ?» ብላቸው «አገራቸው ሞቀላቸው፣ ገቡ» አሉኝ። የተማርኩት ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ነበር።

የወፍ ጉንፋን የሚባለው በሽታ በዱር የውሃ ወፎች ይጓዛል። ፈንግልን ደግሞ ዳክዬ ራሷ ሳትታመም ለዶሮ ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ዶሮም ዳክዬም በአንድ ግቢ ያላችሁ ዶሮዎቻችሁን የፈንግል ክትባት አስከትቡ። የእኛን ከእነሱ ጋር ስንቀላቅል የእኛን ብቻ ሳይሆን የእነሱንም እናሳምማለን። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ የተመዘገበ ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሰፊ ነው፣ ግን ስስ ነው። እንቦጩ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ታይቶ ምን እንዳደረገው ሁላችሁም በዓይናችሁ አይታችኋል። እንቦጩንም «ለዳክዬ መኖ» ብላችሁ ወደ ቤት አታምጡ፤ ፍሬው ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

ባሕር ሸሽ መሬት ላይ የምታርሱ ወንድሞቼ ደግሞ አላችሁ። ውሃው በሸሸ ቁጥር እየተከተላችሁ እስከ ከንፈሩ አትሂዱ። ደንገሉን ተዉለት። የዱሯ ወፍ የምትፈለፍለው እዚያ ነው፤ ዓሣውም ሕፃንነቱን የሚያሳልፈው እዚያ ነው። ለእናንተም አጥር ነው፤ ደንገሉ ያለቀበት ዳር ማታ ጉማሬ ቀጥ ብሎ ወደ መደባችሁ ይወጣል።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ ሰብሳቢያችን እያዩኝ ነው። አንድ ነገር ብዬ ልቀመጥ።

ቤት ያለችው ትልቋ ዳክዬዬ እንቁላል ላይ ተኝታለች። ዛሬ 19ኛ ቀኗ ነው። ሃያ ስምንቱ የሚሞላው ሚያዝያ 6 ነው፤ ግድግዳዬ ላይ ተጽፏል። ዘጠኝ እንቁላል ታቅፋለች። በፋኖስ ብርሃን አስጠግቼ አይቻቸዋለሁ፤ በሰባቱ ውስጥ ደም ሥር ይታያል። ጫጩቶቹ ስድስት ሳምንት ሲሞላቸው፣ በግንቦት ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ለምትፈልጉ እሰጣለሁ፤ ገንዘብ አልቀበልም። ሁለት ሁለት አድርጌ ነው የምሰጠው፤ ዳክዬ ብቻዋን አትኖርም። ልትወስዱ ስትመጡ ግን ካርቶን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ሳፋችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የጭንቅላቷን ጥልቀት አብረን እንለካለን።